የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ቫልቭ ማስተካከልና ብሎን ማጥበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በግሎው ፕላግ (ነዳጁን በግለቱ የሚያቀጣጥል ካንዴላ) የሚሠሩ ትንንሽ የሞዴል አውሮፕላን ሞተሮችን የሚመለከቱ ናቸው። ምሳሌዎቹ በብዛት ከሁለት የጃፓን አምራቾች፣ ከኦ.ኤስ. እና ከሳይቶ፣ የተወሰዱ ናቸው። ኦ.ኤስ. እ.ኤ.አ. በ1976 ኤፍ.ኤስ.-60 የተባለውን ፎር ስትሮክ (ዑደቱን በአራት የፒስተን ጉዞ የሚጨርስ) ሞተር ለገበያ አቀረበ። ሳይቶም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ዛሬም በትንሽ አውሮፕላን ላይ ፎር ስትሮክ ሲባል ቀድመው የሚጠሩት እነሱ ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ እነዚህ ሞተሮች መነካካት አይወዱም። በደህና የሚሠራን ሞተር ዝም ብሎ ከፍቶ መጎርጎር ያልነበረ ችግር ያመጣል።

የኔ ሞተር የሚስተካከል ቫልቭ አለው?

ሞተሩን ከጎን እዩት። ከሲሊንደሩ አጠገብ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ላይ ከወጡና አናቱ ላይ ክዳን ከተቀመጠ ፎር ስትሮክ ነው፤ ቫልቭ አለው። ቱቦዎቹ ውስጥ ያሉት ሮከሮቹን የሚገፉ ዘንጎች፣ ፑሽ ሮዶች፣ ናቸው። ክዳኑ ሥር ደግሞ ቫልቮቹን የሚጫኑት ሮከሮች አሉ።

እንደ ኦ.ኤስ. 46 ኤ.ኤክስ. ያለ ቱ ስትሮክ ከሆነ ግን የሚስተካከል ነገር የለም። ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ካርቡሬተሩ ላይ የምታዞሩት ኒድል ቫልቭ የነዳጅ መጠን መቆጣጠሪያ ነው፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። በቤንዚን የሚሠሩት እንደ ዲ.ኤል.ኢ. ያሉ ቱ ስትሮኮች ሪድ ቫልቭ (በአየር ግፊት የሚከፈት ስስ ቅጠል) አላቸው። እሱም ሲበላሽ ይቀየራል እንጂ አይስተካከልም። የሳይቶ ኤፍ.ጂ. ተከታታይ ግን ቤንዚን ቢጠቀምም ፎር ስትሮክ ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይመለከተዋል።

በሮከሩና በቫልቩ ጭራ መካከል ያለው ክፍተት ስንት መሆን አለበት?

ለኦ.ኤስ. ፎር ስትሮኮች ከ0.04 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር። የሳይቶም እዚያው አካባቢ ነው። ቁጥሩ ከሞዴል ሞዴል ትንሽ ስለሚለያይ የሞተሩን መመሪያ ማየት ግድ ነው።

ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመረዳት፦ የተለመደው ባለ 3 ሚሊ ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የሚጓዘው 0.5 ሚሊ ነው። በ0.04 እና በ0.10 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 0.06 ብቻ። በዚህ ሂሳብ ማስተካከያው ብሎን ከአንድ ስምንተኛ ዙር በላይ ከዞረ ከአንዱ ዳር ተነስቶ ሌላውን ዳር አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ላጥብቀው» ብሎ ግማሽ ዙር ማዞር የለም።

ሲጠብ ይሻላል ወይስ ሲሰፋ?

ሁለቱም ጥሩ አይደለም። ግን ምረጡ ከተባለ ትንሽ መስፋቱ ይሻላል።

ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ይጮኻል። ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ቀድሞ ይዘጋል፣ የሚከፈትበትም ልክ ያንሳል። ጉልበት ይቀንሳል። ሮከሩና ካሙ (ፑሽ ሮዶቹን የሚያነሳው ዘንግ) ስለሚደባደቡ ቶሎ ይበላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ድምፁ ያስጠነቅቃችኋል።

ሲጠብ ዝም ይላል። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። ቫልቩ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ የሚቃጠለው ጋዝ በጠርዙ ይሾልካል። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው መቀመጫው ላይ ባረፈበት ጊዜ ስለሆነ በደንብ ካላረፈ ይቃጠላል። በተለይ የጭስ ማውጫው ቫልቭ። የሞተሩ ባለቤት የሚያየው ግን እንቢ ማለቱን፣ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) ላይ መጥፋቱን፣ በእጅ ሲዞር ኮምፕረሽን ማጣቱን ነው። አብዛኛው ሰው ያን ጊዜ ግሎው ፕላግ ይቀይራል። ከዚያ ነዳጅ ይቀይራል። ቫልቩ መጨረሻ ላይ ነው ትዝ የሚለው።

ሞተሩ ሙቅ እያለ ማስተካከል ይቻላል?

አይቻልም። የመመሪያው ቁጥር ለቀዝቃዛ ሞተር ነው። ሲሊንደሩ አሉሚኒየም ስለሆነ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ክፍተቱም ይለወጣል። በሙቅ ሞተር ላይ ልክ ያደረጋችሁት ነገር ሲቀዘቅዝ ልክ አይሆንም፤ ጭራሽ ክፍተቱ ሊጠፋ ይችላል።

ከበረራ በኋላ በረድ እስኪል አንድ ሻይ ጠጥቶ መመለስ አይበቃም። ማታ ቤት ውስጥ ወይም በማግስቱ ጠዋት ይሠራ። ዱባይ ወይም ሪያድ ላላችሁ ደግሞ፣ በበጋ መኪና ኮፈን ውስጥ የዋለ ሞተር ባይነሳም ቀዝቃዛ አይባልም።

እሺ፣ ሥራው እንዴት ነው የሚሠራው?

መጀመሪያ ነዳጁን ቁረጡ፣ የግሎው ፕላጉን ማሞቂያ አንሱ። የሮከሩን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን በአልኮልና በብሩሽ አጽዱት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እዚያ ውስጥ ከገባች ካሙን ስትፈጭ ትከርማለች።

ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ፒስተኑን ትክክለኛው ቦታ ላይ ማምጣት ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረጋ በሉ። ከፊት ሆናችሁ ፕሮፔለሩን ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩ። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ይወርድና ይመለሳል። ቀጥሎ የማስገቢያው፣ ማለትም ካርቡሬተሩ በኩል ያለው፣ ይወርድና ይመለሳል። እሱ ከተዘጋ በኋላ አታቁሙ። እጃችሁ ላይ ክብደት ይመጣል፤ ኮምፕረሽኑ ነው። ፒስተኑ አናት ሲደርስ ያን ጊዜ አቁሙ። ሁለቱን ሮከሮች በጣት ነካ ነካ አድርጓቸው። ሁለቱም ትንሽ ከተነቃነቁ ቦታው ልክ ነው።

ፒስተኑ በአንድ ሙሉ ዑደት ሁለት ጊዜ አናት ይደርሳል። በሌላኛው ጊዜ የጭስ ማውጫው ሊዘጋ፣ የማስገቢያው ሊከፈት ሲል ስለሆነ ሁለቱም ቫልቮች ትንሽ ተከፍተው ነው የሚገኙት። እዚያ ላይ ያስተካከለ ሰው በኋላ ክፍተቱ የትየለሌ ሆኖ ያገኘዋል።

አሁን መለኪያው፣ ማለትም ፊለር ጌጅ የሚባለው የቀጫጭን ብረት ቅጠሎች ስብስብ። የ0.04 ቅጠል በሮከሩና በቫልቩ ጭራ መካከል መግባት አለበት። የ0.10 ግን መግባት የለበትም። እንደዚያ ከሆነ ክዳኑን መልሱና ሂዱ፤ ሥራው አልቋል። ካልሆነ በ5 ሚሊ ቁልፍ ማሰሪያውን ዳዶ ሩብ ዙር ያህል አላሉ። በ1.5 ሚሊ አለን ኪ ማስተካከያውን ብሎን ነካ አድርጉ። ወደ ቀኝ ሲዞር ክፍተቱ ይጠብባል፣ ወደ ግራ ይሰፋል። ቅጠሉ ሲጎተት ቀለል ያለ መያዝ ከተሰማችሁ ደርሳችኋል። ቀጥሎ አለን ኪውን ሳትለቁ ዳዶውን እሰሩ። ብሎኑ አብሮ የመዞር አመል ስላለው ከታሰረ በኋላ እንደገና ለኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም የተለመደ ነው።

ሁለቱም ሲያልቁ ፕሮፔለሩን ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ እዚያው ቦታ ላይ ዳግም ለኩ። ቁጥሩ ካልተለወጠ ዝጉት።

እንደ ሳይቶ ኤፍ.ኤ.-90 አር 3 ያለ ባለ ብዙ ሲሊንደር የኮከብ ሞተር ያላችሁ እድለኞች ሥራው ያው ነው። እያንዳንዱን ሲሊንደር በየራሱ ኮምፕረሽን ላይ እያመጣችሁ ነው እንጂ አንዴ አቁሞ ሁሉንም መንካት አይሠራም።

ፊለር ጌጅ የለኝም። በወረቀት ቢለካስ?

ተራው የኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ አካባቢ ስለሆነ ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው። ችግሩ ወረቀት ይጨመቃል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ይቀደዳል። ክፍተቱ በጣም መስፋቱን ሊነግራችሁ ይችላል። መጥበቡን ግን አይነግራችሁም፤ እኛን የሚያሳስበን ደግሞ እሱ ነው።

የመኪና መካኒክ የሚጠቀምበት ፊለር ጌጅ ይሠራል፣ ቀጭን ቅጠል ካለው። ብዙዎቹ ከ0.05 ይጀምራሉ፤ እሱም ይበቃል። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ግን ከሮከሩ ሥር አይገባም። በጠንካራ መቀስ በ4 ወይም 5 ሚሊ ስፋት ቁረጡት፣ ጠርዙን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የተቆረጠው ጠርዝ ቡር ካለው ቅጠሉ ከራሱ በላይ ወፍሮ ይለካል።

በየስንት ጊዜ ይታያል?

ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። አዲሱ ሞተር የመጀመሪያውን የማላመጃ ሩጫ ከጨረሰ በኋላ አንድ ጊዜ ይታይ። ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚላመዱት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበት ሲቀንስ፣ ድምፁ ሲለወጥ፣ ወይም በዓመት አንዴ። በየበረራው የሚከፍት ሰው ክዳኑን የሚያስሩትን ብሎኖች ጥርስ ቀድሞ ይጨርሳል።

ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ይላል። ይህ ጤና ነው?

ሚኒሞ ላይ ቀለል ያለ ጠቅታ የፎር ስትሮክ ተፈጥሮ ነው። ትናንት ያልነበረ ድምፅ ዛሬ ከመጣ ግን ክፈቱት። ክፍተቱ ልክ ሆኖ ድምፁ ከቀጠለ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። በነዳጁ ውስጥ ያለው ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ነዳጅ ውስጡ እንዳለ የተቀመጠ ሞተር ኩሽኔታው ይዝጋል። ፕሮፔለሩን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ እጃችሁ ላይ የሚሻክር ነገር ከተሰማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ለአዲስ አበባ ከፍታ ቫልቩ የተለየ ማስተካከያ ይፈልጋል?

አይፈልግም። ክፍተቱ የብረት ጉዳይ ነው፤ ከፍታ አያውቅም። የሚለወጠው ነዳጁ ነው። በ2,300 እና 2,400 ሜትር መካከል ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚያገኘው አየር ስላነሰ ነዳጁም ማነስ አለበት፤ ኒድሉ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። «ሞተሬ እዚህ ደከመ» ብሎ ቫልቭ መክፈት የለም። ፒቹ (በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር ሞክሩ።

የቴስታታ (የሲሊንደሩ አናት ክዳን) ብሎኖች እንዴት ይጠብቃሉ?

በመስቀል። አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን። መጀመሪያ ሁሉንም በጣት እስኪቆሙ። ሁለተኛ ዙር በቁልፍ ለዘብ አድርጎ። ሦስተኛ ዙር ማሰሪያ። አንዱን ጨርሶ ወደ ጎረቤቱ መሄድ ቴስታታውን ያጋድለዋል፤ ጋስኬቱም በአንድ በኩል ብቻ ይጨመቃል።

ልኩ ምን ያህል ነው? የኤል ቅርጽ ያለውን አለን ኪ ረጅሙን እግር ብሎኑ ውስጥ ክተቱና በአጭሩ እግር በሁለት ጣት አዙሩ። ጣት ሲደክም በቃ። አጭሩን ከትታችሁ በረጅሙ እግር ከገፋችሁ ጉልበታችሁ በብዙ እጥፍ ይባዛል፤ ብሎኑ ብረት ነው፣ የገባበት ግን አሉሚኒየም ነው። ማን እንደሚሸነፍ ግልጽ ነው።

አዲስ ሞተር ላይ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ታንኮች በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ አንድ ዙር ፈትሹ። ቁልፉን አስገብታችሁ እምቢ ካለ ተዉት።

ሳይቶ ያላችሁ ይህን ጥያቄ ዝለሉት። ሲሊንደሩና ቴስታታው አንድ ወጥ ሆኖ ስለሚሠራ የሚጠበቅ የቴስታታ ብሎን የለውም።

አለን ኪው ብሎኑ ውስጥ ይንሸራተታል። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ሚሊና ኢንች ተቀላቅለው ነው። የጃፓን ሞተር ላይ ያለ ባለ 3 ሚሊ ብሎን 2.5 ሚሊ ቁልፍ ይፈልጋል። ሦስት ሠላሳ ሁለተኛ ኢንች የሆነው ቁልፍ 2.38 ሚሊ ነው። ይገባል፣ ትንሽም ያዞራል፣ ከዚያ ጥግ ጥጉን በልቶ ክብ ያደርገዋል። እንደ ኮክስና ፎክስ ያሉ የድሮ የአሜሪካ ሞተሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ በኢንች ነው። ሁለቱን ቁልፎች አንድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ።

ሌላው ምክንያት ጫፉ ያለቀ ቁልፍ ነው። ጫፉን በሞረድ ሁለት ሚሊ ያህል ቆርጣችሁ ብትጥሉለት እንደ አዲስ ይይዛል። ጫፈ ክቡን አለን ኪ ለማሽከርከር ተጠቀሙበት፤ ለመጨረሻው ማጥበቂያ ግን አይሆንም።

ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚያደርገው ሙጫ) የት ይደረግ?

ብረት ከብረት ጋር በሚገናኝበትና ከፍተኛ ሙቀት በሌለበት ቦታ ሰማያዊው ይበቃል። ሞተሩን ከአሉሚኒየም ማቀፊያ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ለምሳሌ። አንድ ጠብታ፣ ያውም ብሎኑና ቀዳዳው ከዘይት ከጸዱ በኋላ። ዘይት ላይ የፈሰሰ ሎክታይት ምንም አይዝም።

ቀዩን ተዉት። እሱን ለመፍታት እስከ 250 ዲግሪ አካባቢ ማሞቅ ይጠይቃል። ግሎው ፕላግ ላይ፣ ቴስታታ ላይ፣ የቫልቭ ማስተካከያ ላይ ሎክታይት አይደረግም። ፕላስቲክ ማቀፊያ ላይም አታድርጉ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። እዚያ ናይለን ያለው ዳዶ ይሻላል። ማርሚታው አጠገብ ግን ናይለኑ ስለሚቀልጥ ሙሉ ብረት የሆነውን ምረጡ።

የፕሮፔለሩ ዳዶ ሁልጊዜ ይላላል። ምን ላድርግ?

ከዚህ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ያንብብ።

ፎር ስትሮክ አንዳንዴ መልሶ ይመታል። ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ ሲቀጣጠል ፒስተኑ በድንገት ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይገፋል። ፕሮፔለሩ ግን በነበረበት ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል። ከፊት ስታዩት የሚዞረው ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ነው፤ ዳዶው የሚፈታውም በዚያው አቅጣጫ ነው። ውጤቱ ይገባችኋል። ፕሮፔለሩ ከነዳዶው ተፈትቶ ወደ ፊት ይወረወራል።

ለዚህ ሲባል ነው ፎር ስትሮኮች ሁለተኛ መቆለፊያ ዳዶ ይዘው የሚመጡት። ብዙ ሰው ማሳመሪያ ኮን ለመግጠም ብሎ ያወጣዋል። አታውጡት፤ ለሱ የተሠራ ኮን ፈልጉ። የእንጨት ፕሮፔለር ከሆነ እንጨቱ ስለሚጨመቅ ከመጀመሪያዎቹ በረራዎች በኋላ በየቀኑ ፈትሹ። ሲነሳ ማንም ሰው ከፊቱ ወይም ከጎኑ በፕሮፔለሩ መስመር ላይ አይቁም። ጣት አይጠቀሙ፤ ስታርተር ወይም ዱላ ይያዙ። ኒድሉንም ከኋላ ሆነው ነው የሚነኩት።

መልሶ መምታቱ ከተደጋገመ ዳዶው ጥፋተኛ አይደለም። ነዳጁ ሳስቷል፣ ወይም በነዳጁ ውስጥ የሚቀላቀለው ናይትሮሜቴን በዝቷል፣ ወይም ፕሮፔለሩ ለሞተሩ ቀሏል።

ማርሚታውስ?

ሙቀትና ንዝረት አንድ ላይ ስላሉበት ሁሌም ይላላል። ሰማያዊው ሎክታይት 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሚለሰልስ አይመከርም። ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ አለ። ከእያንዳንዱ የበረራ ቀን በኋላ አንዴ ማየት ይበቃል።

ቱ ስትሮኩ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይቀንሳል። ኒድሉን ብነካው አይረጋም።

ኒድሉን ተዉትና ብሎኖቹን እዩ። ቱ ስትሮክ የነዳጁን ድብልቅ ሆዱ ውስጥ አልፎ ነው የሚያስገባው። የኋላው ክዳን ከላላ ወይም ካርቡሬተሩ አንገት ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ከተሰነጠቀ፣ ያልተጋበዘ አየር ይገባል። መገጣጠሚያው ላይ ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩ። አረፋ ካወጣ ወይም ዘይቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ እዚያው ነው።

የብሎኑ ራስ ክብ ሆነ። ወይም ጥርሱ ተበላ።

ራሱ ከሆነ፦ ለ2.5 ሚሊ ቀዳዳ ቁጥር 10 ቶርክስ (ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ቁልፍ) በመዶሻ ቀስ ብሎ ማስገባት ብዙ ጊዜ ያድናል። ከመፍታታችሁ በፊት አካባቢውን በሙቅ አየር አሙቁት። የጉሎ ዘይት ያለው ነዳጅ ሲቃጠል እንደ ቫርኒሽ ይጋገራል፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ክፍት ነበልባል ነዳጅ ያለበት ዕቃ አጠገብ አይቅረብ።

የአሉሚኒየሙ ጥርስ ከተበላ ሄሊኮይል (አዲስ ጥርስ የሚሆን የሽቦ ጥቅል) ይገባበታል። ለ3 ሚሊም አለ። ቀዳዳው ቀጥ ብሎ መሰርሰር ስላለበት የመሰርሰሪያ ማሽን የሌለው ሰው ለባለሙያ ይስጥ።

ግሎው ፕላጉስ ምን ያህል ይጠብቃል?

በጣት እስኪቆም፣ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ። ከሥሩ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ መኖሯን አረጋግጡ። በጣት መግባት እምቢ ካለ ጥርሱ ተጣሟል፤ አውጡና እንደገና ጀምሩ። በቁልፍ አስገድዶ ማስገባት የፕላጉን ዋጋ አድኖ የቴስታታ ዋጋ ማስከፈል ነው።

ገጥሜ ስጨርስ አንድ ብሎን ተረፈኝ።

አታስነሱት። ብሎኑን ከተቀሩት ጋር በርዝመት አስተያዩት። አጭር ከሆነ የሮከር ክዳን ወይም የኋላ ክዳን ሊሆን ይችላል። ረጅም ከሆነ የቴስታታ ወይም የማቀፊያው። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ አንድ ካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርጽ ሳሉና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ ውጉት።